ጠፍታለች ብዬ ያስገባኋት ድመት የጎረቤት ሆና ተገኘች፤ አሁን ደግሞ የአንገት ማሰሪያ እምቢ አለች

ጠያቂ፣ ከጀሞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የሚያሳፍር ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በቀደም አንዲት ግራጫ ድመት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስትጮህ አገኘኋት። ወፍራም ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ሰው አትፈራም። «ውሮ» ስላት ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ እኔ ሮጠች። በቃ የቤት ድመት ናት፣ ጠፍታ ነው አልኩና አስገባኋት። ወተት ሰጠኋት። በሩን ዘጋሁ። ፎቶዋንም በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ለጠፍኩ፦ «ድመት የጠፋችሁ ኑ ውሰዱ»።

በሦስተኛው ቀን ከታች ፎቅ ያሉ እናት አንኳኩ። የእሳቸው ስልክ ቴሌግራም አያውቅም። ድመቷ ለካ የእሳቸው ናት፤ አራት ዓመት አሳድገዋታል። እኔ ፎቶ ስለጥፍ እሳቸው በየጥጋጥጉ ሲፈልጓት ነበር። አልተቆጡኝም። እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ሁለተኛ እንዳይደገም ብዬ ቃጭል ያለው ቀይ የአንገት ማሰሪያ ገዛሁላት። እማማም ፈቀዱ። ዛሬ ስናስርላት ግን ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ቆይታ የታችኛው መንጋጋዋ ማሰሪያው ውስጥ ገባ። ልፈታላት ስል ቧጨረችኝ፤ በጥርሷም ያዝ አደረገችኝ። ድመት ማሰሪያ እንዴት ነው የሚለምደው? ደግሞስ የጠፋችን ድመት ከሰፈሯ ድመት በምን ልለይ?

ተዋት ባይ፦

እህቴ፣ አገሩ ሁሉ ድመቱን «ውሮ» ነው የሚለው። በዚህ ምልክት ከሄድሽ የአዲስ አበባን ድመት በሙሉ ቤትሽ ታስገቢያለሽ። ማሰሪያውንም ተዪው። ድመት ትወጣለች፣ ትገባለች፣ አይጥ ትይዛለች፣ አለቀ። ማተብ ያሰረች ድመት አይቼ አላውቅም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦

ከማሰሪያው በፊት እጅሽን እንይ። የድመት ጥርስ ቀጭን ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጠልቆ ይገባል። አሁኑኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። ከዚያ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። «የእብድ ውሻ በሽታ» ስለሚባል ሰው ውሻ ብቻ የሚያስተላልፈው ይመስለዋል። ድመትም ታስተላልፋለች። እማማን ድመቷ ተከትባ እንደሆነ ጠይቂያቸው። 10 ቀን ከዓይናችሁ አትራቅ፤ በእነዚህ ቀናት ብትታመም ወይም ብትሞት ለሐኪምሽ ንገሪ። ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ ብለሽ ሕክምናውን እንዳታዘገዪ።

ወደ ማሰሪያው ስመለስ፣ መንጋጋዋ የገባው ላላ ተደርጎ ስለታሰረ ነው። ሰው አዝኖ ነው የሚያላላው፤ አደጋው ግን እዚያው ነው። ላላ ያለ ማሰሪያ ውስጥ መንጋጋም የፊት እግርም ይገባል። እግር ገብቶ ቀናት ከቆየ ብብቷ ሥር ቆዳውን ይቆርጠዋል፤ እንዲህ ሆነው የመጡ አክሜያለሁ። ልኩ፣ ሁለት ጣትሽ ተጋድሞ በማሰሪያውና በአንገቷ መካከል ጠበቅ ብሎ ሲያልፍ ነው። ሦስት ካለፈ ላልቷል።

ደግሞ መቆለፊያውን እዪው። የቀበቶ ዓይነት ዘለበት ከሆነ አውልቀሽ ጣይው። ድመት አጥር ትዘላለች፣ ዛፍ ትወጣለች። ማሰሪያው ሽቦ ላይ ቢይዛት በራሱ መለያየት አለበት፤ አለዚያ ትታነቃለች። ወተቱንም ለሌላ ጊዜ ተዪው፤ ብዙ ትልልቅ ድመቶች ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ በቂ ነው።

ባለ ሦስት ድመቷ፦

ዶክተር፣ በጉልበት ሲሳብ የሚለያየውን ማሰሪያ ሁሌ ገበያ ላይ አናገኘውም። እኔ ራሴ ነው የምሠራው። ስስ የጨርቅ ጥብጣብ እወስድና አንድ ቦታ እቆርጠዋለሁ። የተቆረጠውን በሁለት በሦስት የቀጭን ክር ስፌት መልሼ አያይዘዋለሁ። ከዚያ ሁለት ኪሎ ስኳር አንጠለጥልበታለሁ። ክሩ ካልተበጠሰ ስፌት እቀንሳለሁ። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት ብትንጠለጠልበት እንዲበጠስ ነው። ማሰሪያ በየጊዜው ይጠፋል፤ ይጥፋ። ስልክ ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ጨርቁ ላይ ጽፈዋለሁ።

ስለ ማስለመዱ፣ እማማ ናቸው ማሰር ያለባቸው፣ አንቺ አይደለሽም። ቂም ይዛብሽ ይሆናላ! መጀመሪያ ማሰሪያውን የምትተኛበት ቦታ ጣል ያድርጉት። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ የራሷን ሽታ ይያዝ። ከዚያ ምግቧ ሊቀርብ ሲል፣ ርቧት እያለ ይታሰርላት፤ ሳህኑ ወዲያው ይቅረብ። በልታ ስትጨርስ ይፈታ። ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፤ ማሰሪያው ሲመጣ ሥጋ ይመጣል፣ ማሰሪያው ሲሄድ ሥጋው ያልቃል። እኔ ዘንድ ትልቋ ድመት በአራተኛው ቀን ማሰሪያውን ስታይ ራሷ መምጣት ጀመረች። ትንሹ ግን ወር ፈጀብኝ።

መድረቋና ወደ ኋላ መሄዷ አያስደንግጥሽ። ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። መቧጨርና መገለባበጥ ከጀመረች ግን አትጠብቂ፣ ፍቺው፤ በማግስቱ ከዚያ ባነሰ ደቂቃ ጀምሩ። ስትበላ አንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ስትጫወት ግማሽ ሰዓት። ሰው ሳይኖር ታስራ ውጪ አትደር፣ በደንብ እስክትለምድ። ቃጭሉን ደግሞ ለአሁኑ ንቀዪው። ማሰሪያው ራሱ አስጨንቋት ሳለ ጆሮዋ ሥር ሲንቃጨል ምን ትሁን? (አይጦቹ ተሰብስበው የተመኙትን አንቺ በነጻ ልታስሪላቸው ነው!)

ከለንደን፦

እዚህ እንግሊዝ ከሰኔ 2024 ወዲህ የቤት ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ እንዲቀበርላት ሕግ ወጥቷል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ትከሻዋ መካከል ቆዳ ሥር ትገባለች። ብዙ ሰው ቺፗ ድመቷ የት እንዳለች የምትናገር ይመስለዋል። አትናገርም። ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው የያዘችው፣ እሱንም ማንበቢያ መሣሪያ ይፈልጋል። ጎረቤትሽ ማንበቢያ ከሌለው ጥቅም የላትም። ስለዚህ ለጀሞ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ይሻላል።

እኔ የምወደው የእዚህ አገር ዘዴ የወረቀት ማሰሪያ ነው። ስስ ወረቀት እንደ ጥብጣብ ቆርጠሽ «ይቺ ድመት ቤት አላት? ካላት ከጀርባ ጻፉልኝ» ብለሽ ጻፊበት። አንገቷ ላይ ዙሪያውን አድርገሽ ጫፍና ጫፉን በትንሽ ፕላስተር አጣብቂ፤ ፀጉሯን እንዳይነካ። ሲያዝ በቀላሉ ይቀደዳል። ከዚያ ልቀቂያት። ቤት ካላት ይዛው ትሄዳለች። ይሄ የሚሆነው ግን እየመጣች ለምትለማመድሽ ድመት ነው፤ ለማታውቂያት እጅሽን አትስጪ።

የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ድመት እዚህ ካየሽ ደግሞ፣ ተይዛ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ የተለቀቀች የሰፈር ድመት ናት። ተጎድታ አይደለም።

የፉሪዋ፦

ጠያቂዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ሙስሊሞች ነን። ሁዳዴ ሲገባ ሁለት የጎረቤት ድመት ይጨመርልናል። ባለቤቶቻቸው ሥጋ አያበስሉም፣ ድመቶቹ ደግሞ አይጾሙም። ፋሲካ ሲሆን ይመለሳሉ። ከዓመታት በፊት እኔም እንዳንቺ ተጠልላ የመጣች መስሎኝ አንዷን ወደ እህቴ ቤት ልልካት ነበር። ስለዚህ መጮኋ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ሥጋ ሸቷት ነው የምትጮኸው።

በእውነት የጠፋች ድመት ደረጃ ላይ ተዝናንታ አትቀመጥም። መኪና ሥር፣ ቆርቆሮ ሥር ትደበቃለች፤ ድምፅ የማታሰማም አለች። እየቆየች ትከሳለች፣ ፀጉሯ ይተበተባል። ያንቺ ወፍራም ንጹሕ ናት አላልሽም? አንድ ሰው እየመገባት ነዋ!

ከሁሉ በላይ ግን በር ከመዝጋትሽ በፊት ሆዷን እዪ። ጡቷ ወጣ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያው ፀጉሩ የተመለጠ ከሆነ የሆነ ቦታ የምታጠባቸው ግልገሎች አሏት። ሦስት ቀን ቢዘጋባት ያልቃሉ።

ጠያቂ፣ ከጀሞ፦

ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄጄ ክትባት ጀመርኩ። ድመቷ ተከትባ አታውቅም ነበር፤ 10 ቀኑን በጤና ጨረሰች፣ ከዚያ እኔና እማማ ገንዘብ አዋጥተን አስከተብናት። ሆዷን አይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ግልገል የላትም።

ቀዩን ማሰሪያ ጣልነው። እማማ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቀደው በስኳር የተፈተነ ሠሩላት። የኔና የእሳቸው ልጅ ስልክ ተጽፎበታል። አሁን ሁለት ሰዓት ታስራ ትቆያለች፤ እኔን ስታይ ግን አሁንም አልጋ ሥር ትገባለች።

የወረቀቱንም ሞከርኩት። በረንዳዬ ላይ በየማለዳው እየመጣች እግሬን የምትታከክ ቢጫ ድመት አለች። በማግስቱ ከጀርባው ተጽፎበት ተመለሰ፦ «የሥጋ ቤቱ ናት። እባካችሁ አትመግቧት፣ አይጥ መያዝ ትታለች።»