ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ስንት ያወጣል? ለነጋዴ ልሽጥ ወይስ በኮሚሽን ልስጥ?

ጠያቂ፦ ከአጎቴ የወረስኩትንና ፈቃዱ በስሜ የዞረውን ዊንቸስተር ሞዴል 70 የአደን ጠመንጃ መሸጥ እፈልጋለሁ። አንዱ ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ እገዛዋለሁ ብሎ የጠራልኝ ዋጋ፣ ሌላው በኮሚሽን ልሽጥልህ ብሎ ከገመተው ግማሽ ያህሉ ነው። ተገቢው ዋጋ በምን ይታወቃል?

የዱር መንገድ፦ በኮሚሽን እንዳይሰጡ። የእኔ ጠመንጃ ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ከርሞ፣ ሰደፉ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ይዞ ተመለሰልኝ፤ ባለሱቁም «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አለኝ።

ሰደፍ፦ ሲያስረክቡ ፎቶ አንስተው ነበር?

የዱር መንገድ፦ አላነሳሁም፤ ሰው አምኜ ነው። ጭረቱን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ያበሽቀኛል።

ነባር ደንበኛ፦ ሱቅ ሁሉ እንዲያ አይደለም። እኔ ሃያ ዓመት የምመላለስበት ጠጋኝ ጠመንጃውን አንዴ በእጁ መዘን አድርጎ ዋጋውን ይናገራል፤ ተሳስቶም አያውቅም።

ሚዛን፦ ዋጋውን የሚናገረውም የሚገዛውም እርሱ ከሆነ፣ በየት በኩል ይሳሳታል?

ነባር ደንበኛ፦ ሰውየውን ሳያውቁ እንዲህ ማለት ነውር ነው።

ጀማሪ፦ እኔ ብሆን አልሸጠውም። ሲተኮስ ትከሻ የሚመታዎት ከሆነ ሰደፉ ላይ የጎማ ትራስ ማስገጠም ይበቃል።

አሮጌ ብረት፦ የተጠየቀው ስለ ትከሻ አይደለም፤ ደግሞም ለትራሱ ሲባል ሰደፉ ከተቆረጠ ዋጋው ይወርዳል። በቅድሚያ መለያ ቁጥሩን ይመልከቱ። ይህ ሞዴል በ1936 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ውሎ በ1964 አሠራሩ ስለተለወጠና ጥይቱን አጥብቆ የሚይዘው ትልቁ መንጠቆ ስለቀረ፣ ሰብሳቢዎች ከለውጡ በፊት ለተሠራው፣ ማለትም ቁጥሩ ከ700000 በታች ለሆነው፣ የበለጠ ይከፍላሉ። ቀጥሎ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው፣ መቀርቀሪያውን አውጥተው በርሜሉን በብርሃን ይዩት፤ ጠምዛዛዎቹ ቦዮች ጠርዛቸው የተሳለ ከሆነ መልካም ነው፣ ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች ካሉ ግን ውጪው ምንም ቢያብረቀርቅ ገዢው ይቀንሳል። ዋጋ ሲያነጻጽሩም የተጠየቀበትን ትተው በትክክል የተሸጠበትን ይያዙ፤ ጨረታ ቤቶች የሚያወጡት የሽያጭ ውጤት ለዚህ ይጠቅማል። ነጋዴው ትርፉንና ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ አስልቶ ስለሚገዛ ዝቅ ማድረጉ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቁጥሩ ከ700000 በታች ነው፤ በርሜሉም ንጹሕ ሆኖ አፈሙዙ አካባቢ ብቻ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት። የብረቱ ጥቁር ቀለም እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ስለለቀቀ አስቀብቼ ብሸጠውስ?

አሮጌ ብረት፦ እባክዎ አያስቀቡ። ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም ነው፤ እንደገና የተቀባ ደግሞ ጽሑፎቹ ጠርዝ ላይ ስለሚደበዝዙ ያስታውቃል። ለማንም ቢሰጡ ግን ዝርዝሩን ጽፈው ያስፈርሙ።

ነባር ደንበኛ፦ የእኔ ሰው ሲቀባ ማንም አይለይም።

ሚዛን፦ ገዢው እንዳይለይ ማለትዎ ነው?

የዱር መንገድ፦ የተፈረመ ወረቀት ሰደፍ ላይ ላለ ጭረትም ያስጠይቃል?