የአዳራሹ ጓሮ ተከላ፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ጸሐፊ፦ በረዶው በቀለጠ ቁጥር የጓሮው አፈር ታጥቦ ጎረቤት ግቢ ይገባል። የተፋሰስ መሥሪያ ቤቱ የወጪውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሐሳቡ በቦዩ ዳር 40 የውሻ እንጨት (በእንግሊዝኛ «ዶግዉድ») መትከል ነው። በየሐይቁ ዳር የምታዩት፣ ቅጠሉ ረግፎ በበረዶ መሃል ቀይ ሆኖ የሚቆመው ቁጥቋጦ ነው። ውኃ አይጠላም፤ ሥሩም አፈር ይይዛል።

አባል 31፦ «የውሻ እንጨት» የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም። እዚያ አዳራሽ ክርስትና እንደግሳለን፣ ሐዘን እንቀመጣለን።

ገንዘብ ያዥ፦ እንደ ጽዶቹ አጋዘን ከበላው ደግሞ ማን ሊከፍል ነው?

የጓሮ ኮሚቴ፦ አጋዘንም ጥንቸልም ይበላዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ክረምቶች በሽቦ እናጥረዋለን። ችግኝ መግዛት ግን አያስፈልግም። ቡቃያው ሳይፈነዳ እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ ቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ መሰካት ነው፤ ሥር ይሰዳል። የእኔ ግቢ ሞልቷል፣ ቅዳሜ መቁረጫ ይዛችሁ ኑ።

አባል 8፦ እመጣለሁ።

አባል 22፦ እኔም አለሁ። ስሙን «ቀይ እንጨት» በሉት።

አባል 8፦ እሱ በእንግሊዝኛ «ሬድዉድ» የሚባለው የካሊፎርኒያው ግዙፍ ዛፍ ነው።

የሴቶች ክፍል፦ «ቀይ ልምጭ» ቢባልስ?

አባል 31፦ ልጆቻችንን ልንገርፍበት ነው? ለምን ጌሾ አንተክልም?

የጓሮ ኮሚቴ፦ ጌሾ በሚኒሶታ ክረምት ውጭ አያድርም።

ጸሐፊ፦ እናንተ ስም ስታወጡ የጎረቤቱ ጠበቃ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል!

አባል 31፦ ሰባት ዓመት መዋጮ ከፍያለሁ፤ አትጩህብኝ።

ጸሐፊ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ነው የጻፍኩት።

የጓሮ ኮሚቴ፦ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ብቻዬን 12 ቆርጬ ባልዲ ውስጥ ነክሬያለሁ። ደግሞ ቀዩ የሚደምቀው ለጋው ግንድ ላይ ነው፤ ያረጀው ይደበዝዛል። ሥር ከያዘ በኋላ በየዓመቱ በጸደይ መግቢያ ካረጀው ሲሶውን ከሥሩ የሚቆርጥ ሰው ይመዝገብ።

የሴቶች ክፍል፦ ለቡና የሚሆን አግዳሚ ወንበርም ይጨመር። ሁልጊዜ ቆመን ነው የምንጠጣው።

አባል 22፦ የብረት አጥርም። ቅዳሜ መኪናዬ ተበላሽቶብኝ ነው።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ፦ የብረት አጥር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ 12 ቁጥቋጦ፤ ስሙ በላቲን «ኮርነስ ሰሪሲያ» ብቻ ተብሎ ይጻፋል። ቦዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር።

ገንዘብ ያዥ፦ ግማሹን እንሸፍናለን ያሉት እኮ ለቦዩ ነው።

አባል 31፦ አጥሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚቀባው?