አንድ ሐሳብ ለኤንኤስኤፍና ለዳርፓ ሲቀርብ መልሱ ለምን ይለያያል? 600,000 ዶላርስ ምን ይሸፍናል?

ቋጠሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄደው የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረታዊ ምርምር በአብዛኛው በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ያልጠራልኝ አሠራሩ ነው። ሦስት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ ለብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን (ኤንኤስኤፍ) እና ለአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲ (ዳርፓ) ሲቀርብ አንዱ ተቀብሎ ሌላው የሚጥለው ለምንድን ነው? ለምሳሌ ርዕሱ የተከፋፈሉ ሥርዓቶችን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተከፋፍለው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ትክክለኛነት በሒሳብ ማረጋገጥ ነው እንበል። ሁለተኛ፣ የ600,000 ዶላር ግራንት (የምርምር ድጎማ) ሲባል በተግባር የስንት ሰው ሥራ ነው? ሦስተኛ፣ ደህና የተጻፈ ፕሮፖዛል ሳይገመገም የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው?

ጥሬ ቁጥር

የመጀመሪያውን ልውሰድ። ዋናው ነገር ፈራጁ ማን ነው የሚለው ነው።

ኤንኤስኤፍ ዘንድ ፕሮፖዛሉን የሚገመግሙት የሙያው ሰዎች ናቸው። ተቋሙ በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተ ሲሆን ኮምፒውተር ሳይንስን የሚይዘው ዳይሬክቶሬት የተቋቋመው በ1986 ነው። ገምጋሚዎቹ ያነቡና ባለ አምስት ደረጃ ነጥብ ይሰጣሉ። መለኪያው ሁለት ነው፦ ምሁራዊ ፋይዳ እና ሰፊ ማኅበራዊ ጠቀሜታ። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ፓናሉ (የገምጋሚዎቹ ጉባኤ) አይወስንም፤ ይመክራል እንጂ። መርጦ የሚያቀርበው ዘርፉን የሚመራው የተቋሙ ባለሙያ፣ ፕሮግራም ኦፊሰሩ፣ ነው፤ የበላይ ኃላፊው ይስማማል፤ ገንዘቡን በሕግ የሚፈቅደው ደግሞ የግራንት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ኦፊሰሩ የሚያየው የፕሮግራሙን አጠቃላይ ስብጥር ስለሆነ፣ በአንድ ንዑስ ዘርፍ አራት ጠንካራ ፕሮፖዛሎች ከመጡ እኩል ነጥብ ይዘውም አንዳንዶቹ ሊወድቁ ይችላሉ። "ነጥቤ ጥሩ ነበር፣ ለምን ቀረ?" ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ዳርፓ ሌላ ዓለም ነው። በ1958 አርፓ ተብሎ ሲቋቋም ጀምሮ የራሱ የምርምር ላቦራቶሪ የለውም። ወደ መቶ የሚጠጉ ፕሮግራም ማናጀሮች አሉት፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሠርተው ይለቃሉ። ማናጀሩ ችግሩን ራሱ ይመርጣል፣ ፕሮግራሙን ይነድፋል፣ አለቆቹን ያሳምናል፣ ከዚያ ጥሪ ያወጣል። የፕሮፖዛሉ ግምገማ የሚደረገው ለዚያ ፕሮግራም ግብ ምን ያህል ይጠቅማል በሚል ነው።

ስለዚህ ያልከውን ርዕስ ሁለት ጊዜ መጻፍ ያስፈልጋል። ለኤንኤስኤፍ ጥያቄው "የትኞቹ ፕሮቶኮሎች (ኮምፒውተሮች የሚግባቡባቸው ደንቦች) በራስ ሰር ሊረጋገጡ ይችላሉ፣ የቀሩት ለምን እምቢ ይላሉ?" ዓይነት ነው። መልሱ "አይቻልም" የሚል ማስረጃ ቢሆንም ውጤት ነው። ለዳርፓ ግን "በ18ኛው ወር ይህን የሚያህል ኮድ ያለው ሥርዓት፣ ዛሬ ከሚጠይቀው የሰው ድካም በአንድ አሥረኛው እናረጋግጣለን፤ የምንፈተነውም እንዲህ ነው" ማለት ያሻል። ከ1975 እስከ 1977 ዳርፓን የመሩት ጆርጅ ሃይልማየር ያስቀመጧቸው ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ፦ ምን ልትሠራ ነው? ዛሬ እንዴት ይሠራል፣ የት ላይስ ይቆማል? ስንት ይፈጃል? መሳካቱ በመካከልና በመጨረሻ በምን ይፈተናል? የመጨረሻውን በቁጥር ያልመለሰ ሰነድ እዚያ ቤት ሩቅ አይሄድም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የዳርፓ ሥራ በምዕራፍ ስለሚከፈል የመጀመሪያው ምዕራፍ ግቡን ካልመታ ሁለተኛው ሊቀር ይችላል። ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ሥራው "መሠረታዊ ምርምር" ተብሎ መመደቡን በጽሑፍ ማረጋገጥ ግድ ነው። ካልተመደበ ጽሑፍ ከማሳተም በፊት ፈቃድ መጠየቅ ሊመጣ ነው፤ የውጭ ዜጋ ተማሪ ማሳተፍም ይከብዳል። የመመረቂያ ጽሑፉ በዚያ ገንዘብ ላይ ለቆመ ተማሪ ይህ ከባድ አደጋ ነው።

ሰሌዳ

እኔ ወደ ገንዘቡ። 600,000 ዶላር በኤንኤስኤፍ የኮምፒውተር ዘርፍ "አነስተኛ" ይባል በነበረው ምድብ ጣሪያው ነበር፤ ዘመኑ እስከ 3 ዓመት። ሒሳቡን በምሳሌ ቁጥር ልሥራው፤ መጠኖቹ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያሉ።

በዓመት 200,000 ዶላር አለ። ሁለት የፒኤችዲ ተማሪዎች ይቀጠራሉ እንበል። የትምህርት ክፍያቸው ለእያንዳንዳቸው 20,000 ቢሆን 40,000 ይወጣል፤ በዚህ ላይ ኦቨርሄድ (ዩኒቨርሲቲው ለጋራ ወጪዎቹ በመቶኛ የሚወስደው ድርሻ) አይታሰብም። ቀሪው 160,000 ግን ኦቨርሄዱን በውስጡ የያዘ ነው። የዩኒቨርሲቲው መጠን 55 በመቶ ከሆነ 160,000ን ለ1.55 ስናካፍል 103,226 ይመጣል። 56,774 ዶላር ለሕንፃ፣ ለመብራት፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለአስተዳደር ሄደ ማለት ነው።

ከ103,226 ላይ የሁለቱ ተማሪዎች ደመወዝ ይነሳል፦ 36,000 እያንዳንዳቸው፣ ከ10 በመቶ ጥቅማ ጥቅም ጋር 79,200። ቀጥሎ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት የሚከፈለው የፕሮፌሰሩ የአንድ ወር ደመወዝ 15,000፣ ከ25 በመቶ ጥቅማ ጥቅም ጋር 18,750። የተረፈው 5,276 ዶላር ነው። የኮንፈረንስ ጉዞ፣ ላፕቶፕ፣ የኅትመት ክፍያ፣ ሁሉም ከዚች ነው። እንግዲህ "ስድስት መቶ ሺህ" ማለት ሁለት ተማሪና የአንድ ወር ፕሮፌሰር ነው። (በነገራችን ላይ ኤንኤስኤፍ ከግራንቶቹ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ዋና ተመራማሪ በዓመት ከሁለት ወር በላይ ደመወዝ በመደበኛው አይሸፍንም።)

በጀቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። አንዱ ሦስቱንም ዓመት በተመሳሳይ ቁጥር መሙላት ነው። የተማሪ ደመወዝ በዓመት 3 በመቶ ቢጨምር በሦስተኛው ዓመት 79,200 ወደ 84,023 ያድጋል፤ ያቺ 5,276 ወደ 453 ዶላር ትወርዳለች። የትምህርት ክፍያውም ከጨመረ ባዶ ነው።

ሌላው የዕቃ ግዢ ነው። 40,000 ዶላር የሚያወጣ ሰርቨር እንደ አንድ ቋሚ መሣሪያ ከተገዛ ኦቨርሄድ አይጫንበትም። አሥር ባለ 4,000 ዶላር ዕቃ ሆኖ ተለያይቶ ከተገዛ ግን እንደ አላቂ ዕቃ ይቆጠርና በ55 በመቶ 22,000 ዶላር ይጨመርበታል። መስፈርቱ ለረጅም ጊዜ 5,000 ዶላር ነበር፤ ከጥቅምት 2024 ወዲህ የፌዴራሉ ደንብ እስከ 10,000 ከፍ እንዲል ፈቅዷል። ዩኒቨርሲቲያችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ።

ሦስተኛው የጊዜ አለመገጣጠም ነው። ግራንቱ 3 ዓመት፣ ፒኤችዲው 5 ወይም 6 ዓመት። ያለ ተጨማሪ ገንዘብ እስከ 12 ወር አንድ ጊዜ ማራዘም ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሥልጣን ይችላል፤ ነገር ግን የሚራዘመው ቀኑ እንጂ ካዝናው አይደለም። ቀጣዩን ፕሮፖዛል በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ያላስገባ ሰው ተማሪው መሀል መንገድ ላይ ይቀርበታል።

ድርድር

ሳይገመገም ስለሚመለሰው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቅርጽ ነው፤ ያሳዝናል ግን እውነት ነው።

የምርምሩ ዝርዝር ከ15 ገጽ ማለፍ የለበትም፤ ቀደም ሲል በኤንኤስኤፍ ገንዘብ የተገኘ ውጤት ካለ የሚጻፈውም እዚያው ውስጥ ነው። ማጠቃለያው አንድ ገጽ ሆኖ አጠቃላይ መግለጫ፣ ምሁራዊ ፋይዳ እና ሰፊ ጠቀሜታ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። በዝርዝሩ ውስጥም ሰፊ ጠቀሜታ የራሱ ርዕስ ያለው ክፍል ሊኖረው ይገባል። ሐሳቡን በየአንቀጹ በትኖ "አለ እኮ" ማለት አያድንም።

የአጋር ደብዳቤ ሌላ ወጥመድ ነው። የሚፈቀደው "ፕሮፖዛሉ ከተፈቀደ በሰነዱ የተገለጸውን ድርሻዬን እወጣለሁ" የምትል አጭር ማረጋገጫ ናት። ሥራውን የሚያወድስ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ጥሪው ራሱ ካልጠየቀ በቀር፣ ለመመለስ ያበቃል። "ዩኒቨርሲቲያችን ይህን ያህል ሺህ ያዋጣል" ብሎ በፈቃደኝነት ቃል መግባትም ክልክል ነው፤ ሀብታም ተቋም በገንዘብ ነጥብ እንዳይገዛ ስለታሰበ። ባለፉት 48 ወራት አብሮ የጻፈ ሰው ከፕሮፖዛሉ ጋር ከሚቀርበው የተባባሪዎች ዝርዝር ከተዘለለ ደግሞ የጥቅም ግጭት ያለበት ገምጋሚ ሊመረጥ ነው።

ጥሬ ቁጥር

ታሪኩንም ጥቂት ልበል፤ ሁለቱ ቤቶች እንዲህ የተለያዩት በአጋጣሚ አይደለምና። በ1962 ጄ. ሲ. አር. ሊክላይደር የአርፓን የመረጃ ማቀናበሪያ ቢሮ ሲመሩ፣ ገንዘቡ በትልቁ የሚፈስሰው ወደ ጥቂት ማዕከላት ነበር፤ በ1963 በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕሮጀክት ማክ፣ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀም ያጠናው፣ የዚያ ፍሬ ነው። በ1969 የወጣው የማንስፊልድ ማሻሻያ ግን የመከላከያ ገንዘብ ከወታደራዊ ተግባር ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ላለው ምርምር ብቻ እንዲውል አዘዘ። ከዚያ ወዲህ አፋጣኝ ጥቅሙ ለማይታይ ጥያቄ ኤንኤስኤፍ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። በ1978 የታተመውን የአርኤስኤ ምስጠራ ጽሑፍ ብታየው የምስጋና መስመሩ ላይ ኤንኤስኤፍ እና የባሕር ኃይል ምርምር ቢሮ አሉ። ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉት የብቸኛ ቁጥሮች ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ የባንክ ግብይት ይጠብቃል።

ቋጠሮ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠራልኝ። ሁለት ቀረኝ። ያቺ 5,276 ዶላር ለኮምፒውተር ጊዜ እንደማትበቃ ግልጽ ነው፤ ከየት ይመጣል? ዜግነትስ ይጠየቃል?

ሰሌዳ

የኮምፒውተር ጊዜውን ከግራንቱ አትግዛው። አክሰስ የሚባል፣ በኤንኤስኤፍ ገንዘብ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ በየዩኒቨርሲቲው ባሉ ሱፐርኮምፒውተሮች ላይ ለተመራማሪዎች በነፃ ጊዜ ይደለድላል። የመጀመሪያው እርከን አጭር የሥራ መግለጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። በዚያ የተገኘውን የመጀመሪያ ልኬት ፕሮፖዛሉ ውስጥ አንድ ግራፍ አድርጎ ማስገባት ይቻላል።

ዜግነትን በተመለከተ፣ በመደበኛ ግራንቶች አመልካቹ ተቋሙ ስለሆነ ዋናው ተመራማሪ አሜሪካዊ መሆን አይጠበቅበትም፤ በግራንቱ የሚቀጠሩ ተማሪዎችም እንደዚሁ። ለተማሪዎች በቀጥታ የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ግን ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ፕሮፖዛሉን ሲስተሙ ላይ የሚልከው ሥልጣን የተሰጠው የተቋሙ ሠራተኛ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ቢሮ ቀድመህ አስታውቅ። ብዙዎቹ ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ከመላኪያው ቀን አምስት የሥራ ቀን በፊት እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ።