ሐዋሳ ማታ 1 ሰዓት ሲል እኛ ጋ ስንት ነው?

ከሚኒያፖሊስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ማኅበር (ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም የማይርቅ ሰፈር) በወር አንዴ እሁድ ማታ 1 ሰዓት እናቴ ቤት ይሰበሰባል። ውጭ ያለነው ደግሞ በስልክ እንገባለን። ለሁሉም በየአገሩ ሰዓት መልእክት የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት (አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም) ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ነበር፤ ለእኔ ከሐዋሳው ሰዓት 8 ይቀንሳል። ከሰኔ ጀምሮ ምንም እንከን አልነበረውም። ጥቅምት 23 ግን ስክሪፕቱ እንዳለኝ በፈረንጁ 11 ሰዓት ረፋድ ላይ ብገባ ሰው ሁሉ እየተሰናበተ ነው። እናቴ ስልኩን ወደ ረከቦቱ አዞረችው፤ ጀበናው ተጋድሟል፣ ሲኒዎቹ ተገልብጠዋል። «በረካም አለፈሽ እኮ ልጄ» አለችኝ። የዚያን ቀን የሚወራው ደግሞ የእሷው የህክምና ጉዳይ ነበር።

ነርስ ነኝ፣ ፓይተን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ አትሳቁብኝ። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

ከፍራንክፈርት፦

እህቴ፣ ማን ይስቅብሻል? እኔ ይህንኑ ስህተት የሠራሁት ደሞዝ እየተከፈለኝ ነው።

ጥፋቷ የዚያች 8 ቁጥር ናት። ሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም፤ ሁልጊዜ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሰዓት የሚያንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁ። ጥቅምት 23 እናንተ ጋ የፈረንጁ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ነበር፤ ሌሊቱን ሰዓታችሁ አንድ ወደ ኋላ ተመለሰና ከሐዋሳ ያላችሁ ልዩነት 9 ሆነ። ስብሰባው የተጀመረው በእናንተ 10 ሰዓት ነው ማለት ነው። እኛ አውሮፓ ያለነው የመለስነው ከአንድ ሳምንት በፊት ነው። የካቲት 29 ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ ታስኬዳላችሁ፣ እኛ እስከ መጋቢት 20 እንቆያለን። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ያህል ሚኒያፖሊስና ፍራንክፈርት መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ይዛባል። ይህን ሁሉ «ከሆነ» በሚል ቅርንጫፍ ልትጽፊው ብትሞክሪ ስክሪፕቱ እንደ ጎመን ዘር ይበተንብሻል።

ስለዚህ ቁጥር አትጻፊ፣ የቦታ ስም ጻፊ። ፓይተን ከ3.9 ስሪት ጀምሮ ዞንኢንፎ የሚባል፣ የየቦታውን ሰዓት የሚያውቅ ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ክፍል) ይዞ ይመጣል። ሰዓቱን በዴትታይም (ቀንና ሰዓት በሚይዘው የፓይተን ክፍል) ስትሠሪው ዞኑን እዚያው አያይዥበት፤ ከዚያ አስታይምዞን በሚለው ትእዛዝ ወደ ሌላው ቦታ ታዞሪዋለሽ፤ ሌላውን እሱ ያውቃል። «ሐዋሳ» ብለሽ ብትጽፊ ግን አይገባውም። የዓለም የሰዓት ዞኖች መዝገብ ውስጥ ለኢትዮጵያ ያለው «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ነው። ለአንቺ «አሜሪካ/ቺካጎ»፣ ለእኔ «አውሮፓ/በርሊን»፣ ለሜልበርኑ ወንድማችን «አውስትራሊያ/ሜልበርን» ትጽፊለታለሽ። በእርግጥ ስሞቹን በላቲን ፊደል ነው የምታስገቢው። «ሲኤስቲ» የመሰለ አጭር ስም አትጠቀሚ፤ ሲኤስቲ የቻይናም የአሜሪካም ነው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ቲዜድዳታ የሚባለውን፣ የዞኖቹን መዝገብ የያዘ ጥቅል ጫኚ፣ በየጊዜውም አድሺው። አገሮች ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ ግብፅ በ2023 እኤአ የሰዓት ለውጡን መልሳ የጀመረችው ለዓመታት ትታው ቆይታ ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የድሮ ዩቲዩብ ተከትለሽ ከሆነ ፓይቲዜድ የሚባለውን የቀድሞ የሰዓት ዞን ጥቅል ሳትጠቀሚ አልቀረሽም። በእሱ ዞኑን ዴትታይም ሲሠራ በቀጥታ ካስገባሽው የአዲስ አበባን ልዩነት 3 ሰዓት ሳይሆን 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይልሻል፤ 33 ደቂቃ በላሽ። መዝገቡ ውስጥ አዲስ አበባ የናይሮቢ ተከታይ ሆና ስለተያያዘች፣ ያ ቁጥር በጥንት ጊዜ ናይሮቢ በፀሐይዋ ትቆጥረው የነበረው ነው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስከስ ነበር።

የኛን አቆጣጠር መጨረሻ ላይ ብቻ አምጪው፣ ሊታተም ሲል። በ24 ሰዓት የሚቆጠረው የፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ደምሪ፣ ለ12 አካፍዪ፣ ቀሪውን ያዢ፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በዪ። 19 ሲሆን 25 ይሆናል፣ ቀሪው 1፤ ማታ 1 ሰዓት። ቶኪዮ ያለ የኛ ልጅ ደግሞ የታደለ ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 9 ሲል ሐዋሳም 9 ነው፤ ልዩነቱ ቀንና ማታ መሆኑ ብቻ።

ከሲያትል፦

ልጆቼ፣ ስክሪፕት የሚባለውን አላውቅም። የእኔን ግን ስሙ። አምና ከቦሌ ልመለስ ትኬቴ «እሁድ 1፡30» ይላል። እሁድን ሐዋሳ ከወንድሜ ጋር ዓሣ ስበላ ውዬ ማታ ለመብረር አስቤ ነበር። አውሮፕላኑ ለካ የሄደው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው! ማሽናችሁ «አጥቢያ» ያውቃል ወይ?

ከፍራንክፈርት፦

ጋሼ፣ አያውቅም፤ እኛ ነን የምናስተምረው። የእርስዎን ትኬት ያሳሳተው ፈረንጅ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት፣ እኛ ደግሞ ሲነጋ በመሆኑ ነው። እህቴ፣ የፈረንጁ ሰዓት ከ6 በታች ከሆነ የቀደመውን ቀን ስም ከፊት አስገቢ፤ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ብሎ ይጻፍ። ካልሆነ «እሁድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ቢል ግማሹ ሰው እንደ ጋሼ በማግስቱ ነው የሚመጣው።

ከሚኒያፖሊስ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ከሌሊት ፈረቃ እንደመጣሁ ሳልተኛ አስተካከልኩት። ለኅዳር 28 ያወጣው ይሄው፦ ሐዋሳ እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ፍራንክፈርት በፈረንጁ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፣ እኔ 10 ሰዓት ጠዋት፣ ሲያትል 8 ሰዓት ጠዋት።

ሜልበርን ያለኸው ወንድማችን ጋ ግን ስደርስ ደነገጥኩ፤ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይላል። እስካሁን በዚህ ሰዓት ነበር እንዴ የምትነሣልን? እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ ቡናው ጠዋት ረፋድ ላይ ቢሆን አይከፋኝም ብላለች። ያኔ ግን እኛ አሜሪካ ያለነው እንቅልፍ የለንም። ምን ትላላችሁ?