የቆመበት በረዶ እየተጓዘ የነፋስ አቅጣጫ እንዴት ይለካል?

ጥያቄ (መምህር፣ ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎቼን ኮምቦልቻ የሚገኘውን የሜትሮሎጂ ጣቢያ ካስጎበኘኋቸው በኋላ አንዲት ልጅ ያነሳችውን ጥያቄ በአጥጋቢ ሁኔታ ልመልስላት አልቻልኩም። የኮምቦልቻው የነፋስ መለኪያ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ተስተካክሎ ከተተከለ አይናወጥም። በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ ግን ምሰሶው የተተከለበት በረዶ ራሱ እየተጓዘና እየዞረ ነፋሱ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? በዚያ ብርድስ መሣሪያው ይሠራል?

ቦርከና፦
መምህር፣ ተማሪዎ የነገሩን እምብርት ነክታለች። ፍጥነቱ ብዙም አያስቸግርም፤ በረዶው በነፋሱ ፍጥነት 2 በመቶ ገደማ ስለሚጓዝ፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ችግሩ አቅጣጫው ላይ ነው። በማግኔታዊው ዋልታ አካባቢ የምድር ማግኔት የኮምፓሱን መርፌ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ስለሚስበው ኮምፓስ አይታመንም። በመሆኑም ሁለት የጂፒኤስ አንቴናዎች ተራርቀው ይተከሉና በመካከላቸው ያለው መስመር ከእውነተኛው ሰሜን ምን ያህል እንደዞረ ያለማቋረጥ እየተሰላ የነፋሱ አቅጣጫ በዚያው ልክ ይታረማል። (ልክ ሰሜን ዋልታው ነጥብ ላይ ለቆመ ሰው ነፋስ ሁሉ የሚመጣው ከደቡብ ነው፤ ልጆቹን ይጠይቋቸው።)

ጦሳ ሥር፦
ስለ ብርዱ ልጨምር። የሚሽከረከሩት የኩባያ መለኪያዎች አመዳይ ሲይዛቸው ስለሚቆሙ፣ ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚወስድበትን ጊዜ ለክተው ነፋሱን የሚያሰሉ፣ ጫፎቻቸውም የሚሞቁ መሣሪያዎች ይመረጣሉ። ማሞቂያው ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በዋልታው ክረምት ፀሐይ ለወራት ስለማትወጣ ደግሞ ሶላር ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ኤሌክትሪኩ ከመርከቧ በገመድ ይዘረጋ ነበር፤ በረዶው በተሰነጠቀ ቁጥር ገመዱን ማዳን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሰው በሌለበት ቦታ የሚተዉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በአብዛኛው ነፋስን አይለኩም፤ የአየር ግፊትን፣ ሙቀትንና ያሉበትን ቦታ በሳተላይት ይልካሉ፣ ነፋሱም ከግፊቱ ልዩነት ይሰላል።

ቦርከና፦
አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 በተካሄደው የፍራም መርከብ ጉዞ ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ነፋሱን ቀጥ ብሎ እንደማይከተል፣ ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ እንደሚያፈነግጥ አስተዋለ፤ ምክንያቱ የምድር መዞር መሆኑን ኋላ ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኤክማን በስሌት አሳየ። ስለዚህ የበረዶውን ጉዞ ብቻ አይቶ የነፋሱን አቅጣጫ መናገር ያሳስታል። በደቡብ ዋልታ በኩል መፈንገጡ ወደ ግራ ነው።