ግራናይቱ ሳይቆረጥ ምከሩኝ፦ የትኛው ላቫንዲኖና ቧንቧ ይሻለኛል?

የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ የጀመርነው ቤት ኪችኑ ላይ ደርሷል። ካቢኔቱ ቆሟል፣ ግራናይቱም ተመርጧል። እምነበረድ ቤቱ «የላቫንዲኖውን ልክ እስከ ቅዳሜ አምጪ፣ እንቆርጣለን» ብሎኛል። እኔ ግን እስካሁን መወሰን አቅቶኛል።

መርካቶን ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ባለ ሁለት ጎድጓዳ ነው፣ ከነዕቃ ማንጠፊያው። ያምራል፤ ግን ታችኛውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰርጎድ አለ። ሌላው አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ብቻ ነው፣ 75 በ45፣ ጥልቀቱ 22 ሳንቲ ሜትር። ዋጋው ከፍ ይላል።

ቤት ገብቼ የእናቴን የዶሮ ወጥ ድስት በሜትር ለካሁት። አፉ 36፣ ከነጆሮው 46። የባለ ሁለቱ አንድ ጎድጓዳ ውስጡ 34 ነው። አይገባም። እናቴ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ድስቱን ደጅ አውጥታ፣ ጎንበስ ብላ ስትፈትግ ነው የኖረችው። በአዲሱ ቤት ይሄ እንዲቀርላት እፈልጋለሁ። ባለ ሁለቱ ደግሞ ለዶሮ ማጠቢያ ይመቻል ይሉኛል፤ አንዱ ላይ በሎሚና በጨው ይታሻል፣ ሌላው ላይ ይለቀለቃል።

ቧንቧውንም እርዱኝ። ተስቦ የሚወጣው፣ ባለ ስፕሪንጉ ላይ ዓይኔ አርፏል። ውሃችን ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ሌላውን ቀን ከሮቶ ነው የምንጠቀመው።

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ገላን

እህቴ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን እንጨርስ። ሮቶሽ ከኪችኑ ቧንቧ ስንት ሜትር ከፍ ይላል? 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። 3 ሜትር ከሆነ 0.3 ባር ብቻ ነው ያለሽ። ተስቦ የሚወጣው ዓይነት ውሃው በቀጭን ጎማ ነው የሚያልፈው። ካርቶኑ ላይ ዝቅተኛው ግፊት 0.5 ወይም 1 ባር የሚል ከሆነ ያለ ፓምፕ አትግዢው። ያንጠባጥብብሻል።

ከመግዛትሽ በፊት የከተማውን መስመር ዝጊና ከሮቶው ብቻ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ሙይ። ሰዓት ያዢ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ አንገቱ ረዘም ብሎ የሚዞር ተራ ቧንቧ ይሻልሻል። አፉ ላይ ያለችው ወንፊት በእጅ የምትፈታ ትሁን። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለል ይዞ ይመጣል፣ መጀመሪያ የሚደፍነው እሷን ነው። የሙቅ መስመር ኪችን ካልገባ ደግሞ ሚክሰር አያስፈልግሽም፣ የቀዝቃዛውን ብቻ ግዢ።

ለገጣፎ ነኝ

እኔ ከግራናይቱ ሥር የሚገጠመውን ላቫንዲኖ አድርጌ ነው የተቃጠልኩት። መልኩ ደስ ይላል፣ ፍርፋሪውን ጠርገሽ ቀጥታ ታስገቢዋለሽ። የገጠመልኝ ሰውዬ ግን በሲሊኮን ብቻ ለጥፎት ሄደ። በአምስተኛው ወር ፊት ለፊቱ ለቀቀ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ወጣው። አስቢው፣ 70 በ40 በ22 የሆነ ጎድጓዳ ቢሞላ 60 ሊትር ያልፋል፤ 60 ኪሎ ማለት ነው። ድስቱን አልጨመርኩም። ከሥር ይሁን ካልሽ፣ ካቢኔቱ ውስጥ የሚሸከመው ብረት ወይም ጣውላ ካልተሠራ እሺ አትበያቸው።

ብረቱንም እይው። የብረቱን ዓይነት የሚያሳይ 304 የሚል ምልክት ፈልጊ። 201 የሚባለው ዓይነት ኒኬሉ ያነሰ ነው፣ ቶሎ ይዝጋል። ሻጮቹ ማግኔት አስጠግተው «ይኸው አይስብም» ይሉሻል። 201ም አይስብም፣ እንዳትታለይ።

የአምስት ልጆች እናት፣ ሰበታ

ልጄ፣ እናትሽን በማሰብሽ ተባረኪ። አንድ ሰፊውን ውሰጂ። ዶሮውን እንደሆነ ሳፋ ላቫንዲኖው ውስጥ አስቀምጠሽ ታጥቢዋለሽ፣ እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። ጥልቀቱን ግን ከመወሰንሽ በፊት እናትሽን አቁመሽ ለኪ። የካቢኔትሽ ከፍታ 90 ሳንቲ ከሆነ፣ 22 ሲቀነስ የላቫንዲኖው ወለል 68 ላይ ነው የሚውለው። አጭር ከሆነች ያው ጎንበስ ማለቷ ነው፣ ወገቧን ይጎዳታል። 18 ወይም 20 ይበቃል። የሊጥ እጣቢና የቡና አተላ ደግሞ እንዳትደፉበት። ሲፎኑ ውስጥ ይጋገራል።

የቱሉ ዲምቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃይላንዱን ሞላሁ፣ 21 ሰከንድ ፈጀ። ባለ ስፕሪንጉን ትቼዋለሁ።

እማማ፣ እናቴን ካቢኔቱ ጋ አቁሜ፣ ሳጥን ላይ ሳፋ አድርጌ ከፍታውን አስተካከልኩላት። 68 ላይ ትከሻዋ ወረደ። 71 ላይ ግን ቀና ብላ ቆመች፣ «እዚህ ጋ ይሁን» አለች። ስለዚህ 19 ጥልቀት ያለው፣ አንድ ሰፊ፣ ከላይ የሚቀመጥ። ዛሬ ተክለሃይማኖት አካባቢ 304 የታተመበት አገኘሁ፣ ቀብድ ከፍያለሁ። ቅዳሜ በወረቀት የተጻፈ ልክ ሳይሆን ላቫንዲኖውን ራሱን ይዤ ነው እምነበረድ ቤቱ የምሄደው። የገላኑ ወንድሜ፣ የቧንቧው ቀዳዳ 35 ሚሊ ሜትር ይሁን ብላቸው ልክ ነኝ?

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ገላን

ልክ ነሽ። ቧንቧውንም አብረሽ ያዢ፤ እጀታው ወደ ኋላ ሲከፈት ግድግዳው እንዳይነካው ለክተው ይብሱት።