የአማርኛ ዜና ገጽ አልስተካከል አለኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ዜና ማረምና ገጽ መሥራት መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። መለማመጃዬ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ የጻፍኩት ዜና ነው። 900 ቃል ነበር፣ 400 አደረስኩት። ጎርጎራ ያገኘኋቸው ዓሣ አጥማጅ አባት የነገሩኝን ግን መቁረጥ አንጀቴ እምቢ አለ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

የባሰው ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን ላይ ነው። በሦስት ዓምድ ከፍዬ ግራና ቀኙን እኩል ሳደርገው በቃላቱ መካከል ታንኳ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። የእኛ ቃል ረጅም ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የት እንደሚሰብረው አያውቅም። በእጄ ልስበረው? ወደ ግራ ብቻ ላስጠጋው? ወይስ ሁለት ዓምድ ይሻላል?

ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ከተሠራ ፋይል የገለበጥኩት አንቀጽም ኒያላ በሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ላይ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። እንደ አዲስ ከመተየብ ሌላ መላ አለው? ነገ ማታ አስረክባለሁ፤ በናታችሁ።